«አውቀዋለሁ» የሚለው ቁልፍ

የብረት ቁም ሳጥኑ በሥነ ሥርዓት ተቆልፏል። መቆለፊያው አልተሰበረም፣ በሩ አልተፈለቀቀም። ብቻ ውስጡ መኖር የነበረበት ነገር የለም።

«ትናንት ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ላይ በዚህ በእጄ አስቀምጬ በዚህ በእጄ ቆለፍኩት፤» አለችኝ ዶክተሯ። «ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስከፍተው ባዶ ነው።»

ፊቷን አየሁት። ከንፈሯ ተጣብቋል፣ ቅንድቧ ወርዷል። ተናዳለች፣ አልኩ በልቤ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ወንጀል ስመረምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጣቢያ ውስጥ የሚጠሩኝ «ራጅ» ብለው ነው። ሰው ገና ከበር ሲገባ ፊቱን አይቼ የሆዱን እነግረዋለሁ። ባለቤቴ «የኔን ግን አንድም ቀን አላገኘኸውም» ትላለች፤ እሷን ከቁጥር አላስገባትም።

«አይዞዎት ዶክተር፣ አይናደዱ፤» አልኳት።

«አልተናደድኩም፤» አለችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ያው ነው፤» አልኩ።

ሳጅኔ ከጎኔ ሆና ማስታወሻዋን ከፈተች። ከኔ በሁለት ዓመት ትበልጣለች፤ አሥራ አንድ ዓመት አብረን ሠርተናል። እሷ ከሰው ፊት ይልቅ ወረቀት ማየት ይቀናታል። እኔ አያለሁ፣ እሷ ትጽፋለች፤ ሥራችንን የተከፋፈልነው እንደዚህ ነው።

የጠፋው የሳሙና ሳጥን የምታህል ጥቁር ሃርድ ዲስክ ናት። ቤተ ሙከራው ኮምፒውተር የሰውን ስሜት ከፊቱ ላይ እንዲለይ ያስተምራል። ኮምፒውተሩን ሠራተኞቹ «ጨቅላው» ይሉታል፤ ገና እየተማረ ስለሆነ ነው። መጀመሪያ ያስተማሩት ተዋንያን ቀጥረው ነበር። ስቱዲዮ ውስጥ «ተናደዱ» ሲባሉ ይናደዳሉ፣ «ደስ ይበላችሁ» ሲባሉ ይስቃሉ።

«ጨቅላው ስቱዲዮ ውስጥ አንደኛ ነው፤» አለች ዶክተሯ። «መንገድ ስናወጣው ግን የሚያዛጋ ሰው ሁሉ የሚጮህበት ይመስለዋል። ስለዚህ ካሜራችንን ሰው ወዳለበት ወሰድነው። ፀጉር ቤት፣ አውቶቡስ ማቆሚያ፣ የክሊኒክ ወረፋ፣ የጎልማሶች ትምህርት ክፍል። ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰዎች፣ አሥራ አንድ ሺህ ቁራጭ ቪዲዮ። ጨቅላው ከነሱ የተማረውም ትምህርት እዚያችው ዲስክ ላይ ነው።»

«ቅጂ የላትም?»

«የላትም። ፊታችሁ ከዚህ ግቢ አይወጣም፣ አይባዛም ብዬ ቃል ገብቼላቸዋለሁ። ነገ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ገንዘብ የሚሰጡን እንግዶች ይመጣሉ፤ የምናሳያቸው ከሌለን ቤተ ሙከራው ይዘጋል። እሱም ይሁን። ግን ከእነዚያ ሰዎች ያንዱ ፊት መንገድ ላይ ከታየ፣ በሩን የምዘጋው እኔው ራሴ ነኝ። የሰባት ዓመት ሥራዬ ነው ኢንስፔክተር።»

አንጀቴን በላችው። አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ፦ ወሬው እንዳይወጣ፣ ምን እንደጠፋ ለሠራተኞቹ እንዳንናገር። «አንድ ዕቃ ጠፍቷል» ብቻ እንድንል ተስማማን። ይህች ስምምነት ምን ያህል እንደምታስለፋን አላወቅንም ነበር።

የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ሦስት ነው። አንዱ ዶክተሯ አንገት ላይ፣ አንዱ የኮምፒውተር ባለሙያው ኪስ ውስጥ፣ ሦስተኛው በሩ ላይ ባለው ጥበቃ ቤት፣ የቁልፍ መስቀያ ሰሌዳ ላይ።

ኮሪደሩን ይዘን የሠራተኞቹን ክፍል አየን። አምስት ሰዎች በአምስት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠዋል፤ ራሳቸውን «ፊት አንባቢ» ብለው ይጠራሉ። እያንዳንዱን ቁራጭ ሦስት ሰው ለየብቻው ያየዋል፤ ደስታ፣ ሐዘን፣ ቁጣ፣ ፍርሃት፣ ድንጋጤ ወይም «ምንም» የሚለውን ቁልፍ ይጫናል። ዳር ላይ አንድ አረንጓዴ ቁልፍ አለ። «አውቀዋለሁ» ይላል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ሳጅኗ።

«ቪዲዮው ላይ ያለውን ሰው የሚያውቅ ሠራተኛ ያንን ተጭኖ ያልፋል፤» አለች ዶክተሯ። «የምናውቀውን ሰው ስናይ ፊቱ ላይ የሌለውን ሁሉ እናነባለን። ጨቅላው ደግሞ ማንንም አያውቅም።»

ሳጅኗ ጻፈችው። እኔ የሰዎቹን ፊት እያየሁ ነበር።

ለምርመራ የተሰጠን ጠባብ የስብሰባ ክፍል ነው። የኮምፒውተር ባለሙያው መጣና አንድ ካሜራ ጠረጴዛው ላይ ተከለ። በር የሚሞላ ግዙፍ ሰው ነው።

«የጨቅላው የድሮ ትምህርት እዚህ አለ፤ የስቱዲዮው። ሰው ስትጠይቁ ቢያያቸው ምን ይላችኋል?» አለን።

ፉክክር እወዳለሁ። «ይየው፤» አልኩ።

መጀመሪያ ያስገባነው የሌሊቱን ጥበቃ ነው፤ ፈረቃቸውን ጨርሰው ሊወጡ ሲሉ ነበር ያቆየናቸው። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቆባቸውን እስከ ቅንድባቸው፣ ኮሌታቸውን እስከ ጆሯቸው ያደረሱ ሰው ናቸው። እዚህ ከተቀጠሩ ሁለት ወር ሆኗቸዋል። መዝገባቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ፊታቸው ፍክት ብሏል።

«ጋሼ፣ ትናንት ማታ ሌባ ገብቶ ነበር እንዴ?»

«ሌባ? እኔ እያለሁ? በጭራሽ!»

«የማያውቁት ሰው የገባ የወጣ?»

«አንድም የለም።»

«የቁልፍ ሰሌዳውስ?»

«ሁሉም በየቦታው ነው። የወጣውም የገባውም እዚህ ተጽፏል፤» ብለው መዝገቡን በሁለት እጃቸው ዘረጉልኝ።

ገለጥኩት። ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው፤ አንዱ ሌላውን እንዳይነካ ተጠንቅቀው ተሰልፈዋል። የልጅ ልጅ ጽፎላቸው ይሆናል ብዬ ፈገግ አልኩና አጥፌ መለስኩላቸው። ዐይኔ ፊታቸው ላይ ነበር።

«የጠፋው ዕቃ ምን እንደሆነ ባውቅ አብሬ እፈልግ ነበር፤» አሉ። ተነሥተው በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ። «ይቅርታ፣ ዶክተሯ ስለ ደብዳቤ ያሉት ነገር አለ?»

«የምን ደብዳቤ?»

«አይ… ሲደርስ ይደርሳል።»

የዓመት ፈቃድ ጠይቀው ይሆናል አልኩ። ስክሪኑ ላይ ጨቅላው «ደስታ፣ ዘጠና አራት በመቶ» ብሏል።

«አየሽ?» አልኳት ሳጅኗን። «እኔና እሱ ተስማማን። እንዲህ ፊቱ የበራ ሰው ሌባ አይሆንም።»

ሳጅኗ እስክሪብቶዋን ነከስ አደረገች።

ሁለተኛው ራሱ የኮምፒውተር ባለሙያው ነበር። ገና ሳይቀመጥ ላብ አጠመቀው። «ፍርሃት፣ ዘጠና አንድ» አለ ጨቅላው፤ እኔ ዘጠና አምስት እሰጠው ነበር።

«ትናንት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

«ማሽን ክፍል።»

«ዶክተሯ በዚያ ሰዓት ፈልጋህ አጥታሃለች።»

«ማለቴ… ሽንት ቤት።»

«ለአንድ ሰዓት?»

ግዙፉ ሰው አንገቱን ደፋ። ያዝኩት፣ አልኩ በልቤ። ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብዬ ድምፄን አለሰለስኩ። «ንገረኝ። ይቀልሃል።»

«ዳንስ፤» አለ።

«ምን?»

«ሠርጌ የዛሬ አሥራ አምስት ቀን ነው። እጮኛዬ ስትደንስ ሰው ሁሉ ቆሞ ነው የሚያያት። እኔ ደግሞ ያው እንደሚያዩኝ ነኝ። እንዳላሳፍራት በድብቅ እማራለሁ። እባክዎን ለዶክተሯ አይንገሩብኝ፣ ከሥራ ሰዓት ሰርቄ ነው።»

ሳጅኗ የዳንስ አስተማሪዋ ጋ ደወለች። የአስተማሪዋ ድምፅ ከስልኩ አልፎ እኔም ጋ ተሰማ። «ትናንት ማታ? እንዴት እረሳዋለሁ! እግሬን ረግጦኝ እስካሁን በረዶ ይዤበታለሁ! ግን ይሻሻላል በሉት፣ ልቡ ጥሩ ነው!»

ሳጅኗ ስልኩን ዘጋችና መስኮቱ ጋ ሄዳ ጀርባዋን ሰጠችን። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሳቋን ስትጨርስ ተመልሳ ተቀመጠች።

ከምሳ በፊት ዶክተሯ አንድ ነገር ትዝ አላት። ከፊት አንባቢዎቹ ሁሉ ጎበዟ ትናንት ከሰዓት ቢሮዋ መጥታ ነበር። ነገ ለእንግዶቹ ከሚታዩት ውስጥ ቁጥር ሦስት መቶ አሥራ ሰባት ይውጣ ብላ ለምናለች፤ ለምን ስትባል ግን አልተናገረችም።

«ሦስት መቶ አሥራ ሰባት ምንድን ነው?» አልኩ።

«ከሁሉ የምወደው ቁራጭ ነው። ከጎልማሶች ክፍል። አንድ አዛውንት ወረቀት ይዘው ያለቅሳሉ። ለምን እንደሚያለቅሱ ማንም አያውቅም።»

ልጅቷን አስጠራናት። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ጣቶቿን አቆላልፋ ተቀመጠች። ጨቅላው «ፍርሃት፣ ዘጠና ስድስት» አለ። የቀኑ ትልቁ ቁጥር ነው።

«ቪዲዮው እንዲወጣ ለምን ፈለግሽ?»

«የኔ ጉዳይ አይደለም። የሰው ነው።»

«ትናንት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የት ነበርሽ?»

«አውቶቡስ ውስጥ።»

«ማን አየሽ?»

«አውቶቡስ ሙሉ ሰው፤» አለችና ወዲያው እንባ እንባ አላት።

አስወጣኋትና እጄን አፋተግኩ። «ይቺ ናት። ምክንያት አላት፣ ፍርሃት አላት፣ ምስክር የላትም። አለቀ።»

«ቁልፉንስ ከየት አመጣችው?» አለች ሳጅኗ።

«እሱን ትደርሺበታለሽ።»

«እደርስበታለሁ፤» አለችና ወደ ዶክተሯ ዞረች። «ዶክተር፣ ይህን ቁጥር ሦስት መቶ አሥራ ሰባትን የትኞቹ ሦስት ሰዎች ናቸው ያዩት? ተመዝግቧል?»

ተመዝግቧል። ሁለቱ «ሐዘን» ብለዋል። ሦስተኛዋ አረንጓዴውን ቁልፍ ተጭናለች፤ ከአምስት ሳምንት በፊት፣ ማክሰኞ ቀን። ሦስተኛዋ ያቺው ልጅ ናት።

አሁን ሳጅኗ ራሷ ወጣችና ልጅቷን ክንዷን ይዛ አመጣቻት፤ ካሜራውንም አጠፋችው። አጠገቧ ተቀመጠች።

«እህቴ፣ ‹አውቀዋለሁ› ብለሻል። ማን ናቸው?»

ልጅቷ የተቆላለፉ ጣቶቿን ፈታች። «አባቴ ነው፤» አለች።

«አባትሽ የት ናቸው?»

«እዚሁ። በየማታው ‹ደህና እደሩ› የምትሏቸው።»

ዶክተሯ ከወንበሯ ብድግ አለች። «ጥበቃው? ያንን ቪዲዮ መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ! እሳቸውንም በየቀኑ ነው የማያቸው!»

«ቆቡን ነው የምታዩት፤» አለች ልጅቷ፣ ያለ ወቀሳ። «የጥበቃ ድርጅቱ ዘመድን ከዘመድ ጋ አንድ ግቢ አይመድብም፤ ለዚህ ብለን እዚህ ሥራ ላይ አንተዋወቅም። እናቴ በልጅነቴ ነው የሞተችው፣ ለብቻው ነው ያሳደገኝ። ማንበብ እንደማይችል ቪዲዮውን እስካይ ድረስ አላውቅም ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጋዜጣ ይዞ ይቀመጣል! ቪዲዮው ላይ ፊደል ተማሪ ሆኖ ሳየው… ደብቆኝ የኖረውን ነገር በሰው ፊት፣ እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ፣ በትልቅ ስክሪን ሊያሳዩት ነው። ባውቅም እንዳወቅኩ እንዲያውቅ አልፈልግም።»

«ስለዚህ ዲስኩን ወሰድሽው፤» አልኩ።

«የምን ዲስክ?» አለች።

እንዲህ ያለ ግራ መጋባት በትወና አይመጣም። ኩምሽሽ አልኩ።

ሳጅኗ ወጣች፤ ከጥበቃ ቤቱ መዝገቡን ይዛ ተመለሰች። እኔ ጠዋት ፈገግ ብዬ ያጠፍኩትን ገጽ ገልጣ ፊቴ አስቀመጠችው።

«እስቲ አንብበው ራጁ።»

አነበብኩት። በትልልቁ፣ በጥንቃቄ የተጻፈው እንዲህ ይላል፦ «የቁም ሳጥን ቁልፍ። ወጣ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥር። ገባ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ። የወሰደው፣ እኔ ራሴ።»

ሃያ ሁለት ዓመት ስሠራ ሌባ በገዛ እጁ ጽፎ፣ ሰዓት አስገብቶ፣ መዝገቡን በሁለት እጁ ሲሰጠኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። እኔ ደግሞ ፊቱን እያየሁ መለስኩለት።

ወደ ጥበቃ ቤቱ ሮጥን። መሳቢያው ውስጥ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልላ፣ በክር ታስራ ጥቁሯ ዲስክ ተቀምጣለች። ክሩ ላይ ወረቀት አለ፦ «የቤተ ሙከራው ንብረት። እንዳይነካ።»

ዶክተሯ ዲስኳን ደረቷ ላይ ለጥፋ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። «ከግቢ አልወጣችም፤» አለች ደጋግማ። «ከግቢ አልወጣችም!» ሳቀች፣ አለቀሰች፣ እንደገና ሳቀች። ምን እንደተሰማት ለመገመት አልሞከርኩም፤ በዚያ ቀን መገመት በቅቶኝ ነበር።

«ግን ለምን?» አለች በመጨረሻ።

ልጅቷ ሰዓቷን አየች። «ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው። አሁን ክፍል ውስጥ ነው። ቪዲዮውን ካየሁ ጀምሮ ሁለት ቀን ከሩቅ ተከትዬዋለሁ፤ የት እንደሚማር አውቃለሁ።»

አራታችን በፖሊስ መኪና ሄድን። ትምህርት ቤቱ ረዥም የእንጨት ክፍል ነው። ሃያ ሦስት አዛውንቶች ለሕፃናት በተሠራ አግዳሚ ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀምጠዋል። ጥበቃው ሰሌዳው ፊት ቆመው፣ ቆባቸውን አውልቀው፣ መነጽር አድርገው ያነባሉ። ቆቡ ሲወርድ ሌላ ሰው ናቸው፤ ሰፊ ግንባር፣ ዐይናቸው ዳር ላይ የሳቅ መስመር።

እኔንና ዶክተሯን ሲያዩ ፊታቸው በራ። «ደብዳቤዬ ደረሰ ማለት ነው!»

«የምን ደብዳቤ ጋሼ?» አለች ዶክተሯ።

«የጻፍኩልዎት! አስተያየት መስጫው ሳጥን ውስጥ ከትናንት ወዲያ አስገባሁት። ‹አስተያየትና ጥያቄ እዚህ ያስገቡ› ይላል አይደለም?»

«ይላል፤» አለች ዶክተሯ በቀጭን ድምፅ። «ግን… የሳጥኑ ቁልፍ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆነው።»

«ታዲያ ለምን ያስገቡ ይላል?»

ጋሼ ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ፤ ካሜራው እዚያ ክፍል በገባ ጊዜ የፈረሙት የፈቃደኝነት ቅጽ ነው። «ያኔ ፈርሙ አሉን፣ ፈረምን። ስማችንን መጻፍ እንችል ነበር፣ ሦስት ገጽ ማንበብ ግን አንችልም። ባለፈው ኮሪደሩ ላይ የተለጠፈውን የእንግዶች ፕሮግራም አነበብኩ። እኔ አሁን የተለጠፈ ሁሉ ነው የማነበው። ‹ወረቀት ይዘው የሚያለቅሱ አዛውንት› ይላል። ደነገጥኩ። ቤት ሄጄ ቅጹን ፈልጌ ሦስቱንም ገጽ አነበብኩ። አራት ቀን ፈጀብኝ።» ጣታቸውን መስመሩ ላይ አድርገው ቀጠሉ። «‹ተሳታፊው በማናቸውም ጊዜ በጽሑፍ አሳውቆ ምስሉን መልሶ መውሰድ ይችላል።› በጽሑፍ አሳወቅኩ። አንድ ቀን ጠበቅኩ። ወሰድኩ። የኔን ብቻ ማውጣት ስለማልችል፣ የኔን አውጥታችሁ ቀሪውን ከመሳቢያ እንድትወስዱ ጽፌያለሁ። የት ላይ ነው ያጠፋሁት?»

ሳጅኗን አየኋት። አንድም የወንጀል አንቀጽ አልጠቀሰችልኝም።

«ታዲያ ዛሬ ጠዋት ለምን አልነገሩኝም?» አልኩ።

«አንድ ዕቃ ጠፋ አሉኝ እንጂ! እኔ የወሰድኩት ደግሞ አልጠፋም፤ የት እንዳለ አውቃለሁ።»

ያን ጊዜ ከዶክተሯ ጀርባ ልጃቸውን አዩ። ቅጹን ቶሎ አጠፉት።

«አንቺም መጣሽ?»

«መጣሁ አባዬ።»

«እንግዲህ ሰማሽ።»

«ከአምስት ሳምንት በፊት ነው የሰማሁት። ቪዲዮው እኔ ጋ ደርሶ ነበር። ‹አውቀዋለሁ› ብዬ አለፍኩት።»

«ታዲያ እንዴት ዝም አልሽ?»

«አንተስ?» አለች። ሁለቱም ሳቃቸው አመለጣቸው፤ አንደኛው የሌላውን ሳቅ እያየ ባሰበት።

ዶክተሯ ግን የሕፃናቱ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብላ ነበር። «ሦስት ገጽ ጽሑፍ፣ ፊደል ገና ለሚቆጥሩ ሰዎች ሰጥቼ አስፈረምኩ፤» አለች። «ማንም አላነበበላቸውም። ኮምፒውተር የሰው ስሜት እንዲገባው ስደክም የፊቴን ሰዎች አላየሁም። የዚህ ክፍል ቪዲዮ በሙሉ ይወጣል። ነገ የምናሳየው ባይኖርም ይውጣ።»

«ለምን ይወጣል?» አሉ ጋሼ። «አሁን እኮ እናነባለን።»

ከዚያ በኋላ ያለፈው ሁለት ሰዓት ከምርመራ ዘመኔ ሁሉ ደስ የሚለኝ ነው። ዶክተሯ ይዛው መጥታ መኪናው ውስጥ ከተወችው ፋይል ቅጾቹን አመጣች፤ እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ቅጽ ጮክ ብሎ አነበበ። አንዲት እናት «በማናቸውም» የምትለው ቃል ላይ ሦስት ጊዜ ወድቀው በአራተኛው ሲያልፉ ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ። አንድ አዛውንት በግራ በኩል ከተነሣሁ ነው የምስማማው፣ ቀኝ ፊቴ አያምርም አሉ። ሦስት ሰዎች አንብበው ሲጨርሱ «አልፈልግም» አሉ፤ ዶክተሯ ጎንበስ ብላ አመሰገነቻቸው። የቀሩት ፈረሙ፤ ያነበቡትን ስለፈረሙ ፊርማቸውን ራቅ አድርገው እያዩ ይደሰቱበት ነበር።

ጋሼ የመጨረሻው ሆኑ። ልጃቸውን አየት አደረጉ። «ነገ ይታይ፤» አሉ። «ግን እኔ ባለሁበት።»

«ምንድን ነበር ወረቀቱ?» አለች ልጅቷ።

«ነገ።»

በማግሥቱ አራት ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። እኔና ሳጅኗ ማንም ሳይጠራን ሄድን። ጨቅላው በአዲሱ ትምህርቱ ጉድ አሰኘ፤ የሚያዛጋውን የሚያዛጋ፣ የተናደደውን የተናደደ አለ። የኮምፒውተር ባለሙያው ከደስታው ብዛት መድረኩ ዳር ላይ ሁለት የዳንስ እርምጃ ረገጠ፤ ማንንም አልጎዳም።

ቁጥር ሦስት መቶ አሥራ ሰባት መጣ። ስክሪኑ ላይ ጋሼ ወረቀት ይዘው ትከሻቸው እስኪርገፈገፍ ያለቅሳሉ። ጨቅላው «ሐዘን፣ ሃምሳ ሁለት። ደስታ፣ አርባ ሰባት» ብሎ ቆመ።

«ተሳሳተ እንዴ?» አለ ከእንግዶቹ አንዱ።

«እኛም አናውቅም፤» አለች ዶክተሯ። «ፊት ብቻውን አይበቃም፤ ባለቤቱ መጠየቅ አለበት። ባለቤቱ ደግሞ እዚህ አሉ።»

ጋሼ የጥበቃ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው ወደ መድረኩ ወጡ። ከኪሳቸው ጥጉ ያለቀ የትምህርት ቤት የውጤት ካርድ አወጡ። የመጨረሻው ረድፍ ላይ የተቀመጠችው ልጃቸው እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ይቺን ካርድ ልጄ አራተኛ ክፍል ሆና ነው ያመጣችልኝ፤» አሉ። «ሰጥታኝ ምንም ሳትናገር ቆመች። እኔ ማንበብ አልችልም። አየት አደረግኩና፣ እንዳይታወቅብኝ፣ ‹ጥሩ ነው፣ በሚቀጥለው አሻሽዪ› አልኳት። አንገቷን ደፍታ ወጣች። የዛሬ አምስት ወር፣ ማንበብ ስጀምር፣ ከሣጥን አውጥቼ ወደ ክፍል ይዣት ሄድኩ። ያኔ ያነበብኩትን ላንብብላችሁ።»

መነጽራቸውን አደረጉ። ጣታቸው በመስመሩ ላይ ቀስ ብሎ ሄደ።

«‹የተማሪዋ ደረጃ፦ ከስልሳ አንድ ተማሪዎች፣ አንደኛ።›»

«ራስህ እንድታነበው ብዬ ነበር ዝም ያልኩት!» አለች ልጅቷ ከኋላ ተነሥታ፣ እንባዋ እየወረደ፣ እየሳቀች። «አንደኛም አልበቃውም ብዬ ስንት ዓመት ሙሉ!»

«አሁን አነበብኩት፤» አሉ ጋሼ። «አንደኛ ወጥተሻል ልጄ!»

«አንደኛ ከወጣሽ ብስክሌት እገዛልሻለሁ ብለኸኝ ነበር!»

«በጽሑፍ?»

«በቃል!»

እንግዶቹ እግራቸውን እየመቱ ሳቁ። ልጅቷ ወንበር እየዘለለች ወርዳ አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ወደ ሳጅኗ ዞርኩ፤ ፊቷ በእንባ ርሷል። ሐዘን ነው ደስታ ብዬ መገመት ጀምሬ ተውኩት።

«ምን ሆንሽ?» አልኳት።

«አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንሠራ መጀመሪያ የጠየቅከኝ ዛሬ ነው፤» አለችና ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

መዝገባችን ላይ «ወንጀል አልተፈጸመም» ብላ ጽፋ ዘጋችው። ቤተ ሙከራው አልተዘጋም። ዶክተሯ ለድርጅቱ ደውላ አባትና ልጅ አንድ ግቢ እንዲሠሩ አስፈቀደች፤ የአስተያየት ሳጥኑንም በመዶሻ አስከፈተችው።

በሳምንቱ በዚያ በኩል ሳልፍ ጥበቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ አዲስ ቀይ ብስክሌት ተደግፎ አየሁ። መሪው ላይ በክር የታሰረ ወረቀት ነበር። መኪናዬን አቁሜ ወረድኩና አነበብኩት።

«ለልጄ። አንደኛ ስለወጣሽ። ከአባትሽ።»